ለመድረክ ጀርባ ሥራ ከረባት አይታሰርም

ትያትር ቤቶች ለመብራት፣ ለድምፅ፣ ለአልባሳት ወይም ለመድረክ ግንባታ ባለሙያ ሲፈልጉ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ለፈተና የሚመጡት ወጣቶች ግን ባንክ ለመቀጠር የመጡ ነው የሚመስሉት፤ ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ሹል ጫማ። ኮቱ ብዙ ጊዜ ከወንድም ወይም ከጓደኛ የተዋሱት ነው፤ ካልሆነም ለዚያች ቀን ሲባል ከሳልባጅ ተፈልጎ የተገዛ። በልጆቹ አልፈርድም። “ለፈተና ስትሄድ ዘንጠህ ሂድ” እየተባሉ ነው ያደጉት። ለዚህ ሥራ ግን ምክሩ አያዋጣም። ይህንን አስቀድመው የማይናገሩት ቀጣሪዎች ደግሞ ከልጆቹ ይልቅ ተወቃሽ ናቸው ባይ ነኝ።

ከመድረክ ጀርባ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው አለመታየትና አለመሰማት ነው። ትዕይንት ሲቀየር መብራት ይጠፋል፤ በዚያ ጨለማ ወንበርና ጠረጴዛ ተሸክሞ የሚወጣው ሠራተኛ ነጭ ሸሚዝ ከለበሰ ተመልካች ቁጭ ብሎ ያየዋል። የመድረክ ወለል ጣውላ ነው፤ ተረከዙ ጠንካራ የሆነ ጫማ ቋ ቋ ሲል ተዋናይዋ በሹክሹክታ የምትናገረውን ይሸፍነዋል። ከረባት፣ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የአንገት ሐብል ደግሞ መሰላል ላይ ለወጣ ሰው አደጋ ናቸው፤ አንዱ ገመድ ወይም ብረት ይይዛቸዋል። ስለዚህ ጥቁር ሱሪ፣ ጠቆር ያለ ሹራብ ወይም ቲሸርት፣ ጣትን የሚሸፍን የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ ይበቃል። ረጅም ጸጉር ይታሰር፤ ቀለበትና አምባር ቤት ይቅሩ። ልብሱ ታጥቦ የተተኮሰ ይሁን እንጂ። ለሥራ የሚመች ልብስ ማለት የቆሸሸ ልብስ ማለት አይደለም፤ የራሱን ልብስ ያልጠበቀ ሰው የትያትር ቤት ዕቃ ይጠብቃል ብሎ የሚያምን ፈታኝ አላውቅም።

የአልባሳት ክፍል ትንሽ ይለያል። እዚያ የለበሱት ልብስ ራሱ ማስረጃ ነው። በእጅዎ የሰፉትን ወይም ያስተካከሉትን ልብስ ለብሰው ይሂዱ፤ ጠርዙንና ስፌቱን ገልብጠው ማሳየት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ተዘጋጅተው ይጠብቁ፦ ተዋናይዋ በሠርግ ቀሚስ ወጥታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሐዘን ልብስ መመለስ ካለባት ምን ያደርጋሉ? ቀሚሱ ከኋላ በቁልፍ ፋንታ በሚላቀቅ ማጣበቂያ እንዲዘጋ አድርጌ እሰፋለሁ፣ የሐዘኑን ልብስ ከሥር አለብሳታለሁ፣ የምትቀይረውን ጫማ ማሰሪያውን ፈትቼ መጋረጃው ጥግ አስቀምጣለሁ የሚል ሰው ሥራው ገብቶታል።

ለመብራት የሚወዳደር ሰው ደግሞ ሒሳቡን ይያዝ። በ220 ቮልት አንድ የ1000 ዋት መብራት ወደ 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 10 አምፔር በሚችል መስመር ላይ ሁለት እንጂ ሦስት አይሰካም። የሃሎጅን አምፖል በባዶ እጅ እንደማይነካም ይወቅ። የጣት ቅባት መስታወቱ ላይ ከቀረ መብራቱ ሲግል ያ ቦታ ብቻውን ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ አምፖሉ ያለጊዜው ይቃጠላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ፈታኙ አምፖል ቢያቀብል መጀመሪያ ጓንት ወይም ንጹሕ ጨርቅ የሚጠይቅ ተወዳዳሪ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ግማሹን ፈተና አለፈ ማለት ነው።

ስለ ቤቱ ታሪክ የሚጠይቁም አሉ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. እንደተመሠረተ፣ ብሔራዊ ትያትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም እንደተከፈተ ማወቅ ደግ ነው። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ቲኬት ገዝቶ በዚያ ሰሞን የሚታየውን ትያትር ያየ ሰው ይሻለኛል። ሲያይም ዓይኑን ከተዋናዮቹ ላይ አንሥቶ፣ መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ፣ ዕቃው በየት በኩል ገባ፣ ትዕይንቱ ሲቀየር ተመልካቹ ማጉረምረም የጀመረው መቼ ነው የሚለውን ይያዝ። ይህንን ቆጥሮ የመጣ ሰው የሚናገረው አያጣም። ከትምህርት ማስረጃው ዋናና ኮፒ ጋር የሠራቸውን ሥራዎች ፎቶ ይዞ ይምጣ፤ የትምህርት ቤት ትያትርም ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የቀበሌ ዝግጅትም ቢሆን ሥራ ነው።

አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ለመብራት ወይም ለመድረክ ግንባታ የምትወዳደር ሴት “መሰላል ትወጫለሽ?” ተብላ ትጠየቃለች፤ ከእሷ በፊት የገባው ወንድ ግን አልተጠየቀም። ጥያቄው አስፈላጊ ከሆነ ለሁሉም ይቅረብ። የተሻለው ደግሞ መሰላሉን አምጥቶ ሁሉንም ማውጣት ነው።

ሱሪ ለብሳ በመምጣቷም ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

ቀጣሪዎች፣ ፈተናውን ከቢሮ አውጥታችሁ መድረኩ ላይ አድርጉት። ተወዳዳሪው ገመድ ይቋጥር፣ መብራት ይስቀል፣ መብራቱ እንዳይወድቅ የሚይዘውን የደኅንነት ሰንሰለት ማሰሩን እዩ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ፊት በሚደረግ የአሥር ደቂቃ ጭውውት አንደበተ ርቱዕ ሰው ይለያል፤ በጨለማ ዕቃ ሳያጋጭ የሚያወጣ ሰው ግን አይለይም። በማስታወቂያችሁ ግርጌም “ተወዳዳሪዎች ለሥራ የሚመች ጠቆር ያለ ልብስና ጠፍጣፋ ጫማ ለብሰው ይቅረቡ” ብላችሁ ጻፉ። ያቺ አንዲት መስመር ስንቱን ልጅ ኮት ከመዋስ ታድነዋለች።