ማስተካከያ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኖባርቢታልን በድንገት ስለማቋረጥ

በጎንደር ብዙዎች በቴሌግራም ሲቀባበሉት የሰነበተው «የሚጥል በሽታው ከተወ ፌኖባርቢታሉንም ወዲያው መተው ይቻላል» የሚለው መልእክት ስሕተት ነው። የነርቭ ሕክምና መማሪያ መጻሕፍትና የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት እንደሚያስረዱት፣ ፌኖባርቢታል ጋባ የተባለው የአንጎል ኬሚካል የነርቭ ሴሎችን የማረጋጋት ሥራውን ያጠናክርለታል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም፤ አንጎል ከዚህ እገዛ ጋር ከተላመደ በኋላ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ፣ የማያባራና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። እጅግ አሳሳቹ ነገር፣ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 5 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ፣ ያቋረጠው ሰው መጀመሪያ ላይ ደኅና መስሎ መታየቱ ነው። ጠበል የሚገባ ታካሚም ክኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ። መልእክቱን አምኖ ያቋረጠ ሰው ዛሬውኑ ወደሚታከምበት ጤና ተቋም ይሂድ፤ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል፣ ቀስ በቀስ ብቻ ነው።