መስኮቱ ምን ያሳያል? በቦንቪል ግድብ የዓሣ ቆጠራ ላይ የተደረገ ክርክር

ቦንቪል ግድብ በአሜሪካ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛቶች ወሰን፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ነው ያለው። ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት የሚመለሰው ሳልመን በዓሣ መሰላሉ ሲወጣ ጎብኚው በመስታወት ያየዋል፤ ቆጣሪዎችም ከ1938 ጀምሮ ይመዘግቡታል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የክርክሩ ነጥብ፦ በመስኮቱ የሚቆጠረው ዓሣ ግድቡ በእርግጥ ማለፊያ መስጠቱን ያረጋግጣል ወይ?

ደጋፊ፦ ያረጋግጣል። መሰላሉ የተያያዙ ገንዳዎች ነው፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ያለው ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። ዓሣው ወይ ከላይ ይዘላል፣ ወይ በግድግዳው ግርጌ ባለው ቀዳዳ ይሾልካል። ትልቁ ፈተና ታች መግቢያው ላይ ነው። ሳልመን የሚሄደው ውሃ ከሚገፋበት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ከተርባይኖቹ የሚወጣው ጅረት ያዘናጋዋል። ለዚህ ነው በመግቢያው ተጨማሪ ውሃ የሚለቀቀው፤ የውስጡ ውሃ ከውጭው ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ ካነሰ ዓሣው በሩን ሳያገኝ ግድቡ ሥር ሲዞር ይውላል፤ የባሕር አንበሳም ይበላዋል።

ቆጠራውም የዘፈቀደ አይደለም። መስኮቱ ፊት መተላለፊያው ስለሚጠብ ዓሣው መስታወቱን ታክኮ ያልፋል። ቆጣሪው በሰዓት 50 ደቂቃ ይቆጥራል፣ 10 ደቂቃ ያርፋል፤ ድምሩ ወደ ሙሉ ሰዓት ይሰላል። ስቲልሄድ የተባለው የሳልመን ዘመድ ብቅ ሲል ቆጣሪው የሚያየው ከጅራቱ ቀደም ብላ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ነው። ከሌለች በማራቢያ ጣቢያ ተቆርጣለች ማለት ነው። ዓሣው እስኪያልፍ ባለችው አፍታ ዝርያውንም ክንፉንም ለይቶ ቁልፉን ይጫናል።

ተቃዋሚ፦ በቆጣሪዎቹ ብቃት ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ቁጥሩ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል ነው የምለው። 2015ን ይውሰዱ። ቦንቪል ላይ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሶክአይ ሳልመን ተቆጠረ። ውሃው ግን ከ20 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሞቆ ስለነበር ከ250,000 በላይ የሚሆነው እንቁላል መጣያው ሳይደርስ አለቀ። በቦንቪል መዝገብ እነዚያ ሁሉ «ያለፉ» ናቸው! ግድብ የያዘው ውሃ ከላይ ይሞቃል፤ መሰላሉ ደግሞ ውሃውን የሚቀዳው ከዚያው ከላይኛው ነው። ከታች ከቀዝቃዛ ውሃ የመጣ ዓሣ መሰላሉ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሌላም አለ። መሰላሉን ወጥቶ በማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ በሚለቀቅበት የግድቡ ክፍል) ተመልሶ ወደ ታች የወደቀ ዓሣ እንደገና ሲወጣ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ወደ ባሕር የሚወርደውን ጫጩት ደግሞ መስኮቱ ጭራሽ አያየውም። ከላይኛው የወንዙ ተፋሰስ ካለችው አይዳሆ ግዛት ለሚነሳ ዓሣ 8 ግድብ አለበት፤ ሲወርድም ሲመለስም።

ደጋፊ፦ ሁለቴ የሚቆጠረው ዓሣ ይታወቃል። 12 ሚሊ ሜትር የምታህል መለያ በሆዱ የተቀበረችለት ዓሣ ባለፈ ቁጥር መሰላሉ ውስጥ ያለው አንባቢ መሣሪያ ቁጥሯን ይይዛል፤ ስንቱ ተመልሶ እንደሚወድቅ የሚገመተው ከዚያ ነው። ለጫጩቶቹም በጸደይ በማስተንፈሻው ውሃ ይለቀቃል። ልቀቱ ከበዛ ግን አየር ውሃው ውስጥ ታምቆ ይገባና በዓሣው ደም ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚወርደውን ውሃ ወደ ጎን የሚያዞር የኮንክሪት ከንፈር ተሠርቷል። የ2015ን እልቂትስ በምን አወቅነው? የታችኛውንና የላይኛውን ግድብ ቆጠራ በማነጻጸር ጭምር ነው። የኮሎምቢያ ገባር በሆነው በስኔክ ወንዝ ላይ ባለው ሎወር ግራናይት ግድብም ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቀት እየተሳበ ለመሰላሉ ይሰጣል።

ተቃዋሚ፦ ለሳልመን ይሁን። ላምፕሬይስ? እንደ እባብ የረዘመው ይህ ዓሣ መዝለል አይችልም፤ በአፉ ግድግዳውን እየመጠጠ ነው የሚወጣው። ስለታም ማዕዘን ላይ ሲደርስ አፉ ይላቀቅና ጅረቱ ጠርጎ ይወስደዋል። ማዕዘኖቹን ማድቦልቦልና ለብቻው ተዳፋት መሥራት የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስተርጅን የተባለው ትልቅ ዓሣ ደግሞ በመሰላሉ የሚወጣው ከስንት አንዱ ነው። በአንጻሩ ከምሥራቁ ጠረፍ የመጣው ሻድ የተባለው መጤ ዓሣ በሚሊዮን እየተቆጠረ ድምሩን ያሳብጠዋል። ነገሩ እኛንም ይነካል። የጣና ባርበስ ዓሦች በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ ለሳልመን የተለካ መሰላል ቀድቶ እዚያ መትከል ስህተት ነው። በ2024 በምዕራብ አሜሪካ ባለው በክላማት ወንዝ 4 ግድቦች ፈርሰው ሲያበቁ ሳልመን በሳምንታት ውስጥ ከፍርስራሹ በላይ ታየ።

ደጋፊ፦ ስለ ላምፕሬይ ልክ ነዎት፤ ስለ ባርበስም። በክላማት ግን ከፈረሱት አንዱ የሆነው አይረን ጌት ግድብ ዓሣ የሚወጣበት መሰላል አልነበረውም፤ ቦንቪል አለው። ቆጠራውን ከመጣል፣ መስኮቱ አጠገብ ከተሰቀለው የዕለቱ ቁጥር ጎን የመጨረሻው ግድብ ላይ የደረሰው ቁጥርም ይሰቀል።

ተቃዋሚ፦ በእሱ እስማማለሁ። የውሃው ሙቀትም ይጻፍበት።