ዜሮ የማን ወገን ነው?

ሁለት ሰዎች በአንድ ጥያቄ ተጻጻፉ፦ ዜሮ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ? መምህሩ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራሉ። ፕሮግራመሯ ብድር የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ትሠራለች።

መምህሩ፦ አንዱንም አይደለም። ፖዘቲቭ ማለት ከዜሮ የሚበልጥ፣ ኔጌቲቭ ማለት ከዜሮ የሚያንስ ነው። ዜሮ ደግሞ ከራሱ አይበልጥ፣ ከራሱ አያንስ። ክፍል ውስጥ ምሳሌዬ የሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። 80 ብር አለብህ፤ 80 ብር ከፈልክ። ባለሱቁ ስምህን ይሰርዛል። አሁን እዳ አለብህ? የለብህም። እሱስ ላንተ የሚመልሰው አለ? የለም። ይኼ የኔ ፈጠራ አይደለም። ህንዳዊው ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 የዜሮን ሕግ ሲጽፍ ፖዘቲቩን «ሀብት»፣ ኔጌቲቩን «እዳ» ብሎታል። ሀብትና እዳ እኩል ሲሆኑ ድምሩ ዜሮ።

ፕሮግራመሯ፦ ጋሼ፣ ደብተሩ ላይ ልክ ነዎት። እኔ ጋ የሆነውን ደግሞ ልንገርዎት። አንድ ደንበኛ ብድራቸውን ከፍለው ጨረሱ። ማታ ስልካቸው ላይ መልእክት ገባ፦ «ቀሪ ሒሳብዎ -0.00 ብር»። በማግስቱ በር ሳይከፈት ደረሱ። ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቅነው «ይቺ ሰረዝ ምንድን ናት? ነገ ወለድ ልትወልድብኝ ነው?» አሉኝ። ጥፋቱ የኔው ነበር። የወለዱ ስሌት ከሳንቲም በታች የሆነች ሽርፍራፊ አስቀርቷል። ስትጠጋጋ ዜሮ ሆነች፤ ምልክቷ ግን አብራት ቀረች። ኮምፒውተር ውስጥ እኮ ሁለት ዜሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው፣ ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች እንዴት እንደሚይዝ የሚወስነው የአይ ትሪፕል ኢ 754 ደንብ +0 እና -0ን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። 1ን ለ+0 ቢያካፍሉ ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ (ማለቂያ የሌለው)፣ ለ-0 ቢያካፍሉ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ይመልሳል። ልዩነት ከሌላቸው መልሱ ለምን ይለያያል?

መምህሩ፦ ለዜሮ ማካፈል! ተማሪዎቼ ይህን እንዳያነቡ። አየሽ፣ ያቺ ሰረዝ የዜሮው ሳትሆን የመንገዱ ናት። «ከታች መጥቼ ነው እዚህ የቆምኩት» ነው የምትልሽ። ለአውሮፕላን በሚላክ የአየር ሁኔታ ሪፖርትም ከዜሮ በጥቂቱ ዝቅ ያለ ሙቀት ሲጠጋጋ «ኤም 00» ተብሎ ይጻፋል፤ ኤሟ ማይነስ ናት። ሙቀቱ ግን ዜሮ አልነበረም። ንጹሕ ዜሮ ከፈለግሽ -3ን በ0 አባዢ። ዜሮ ፖዘቲቭ ቢሆን ኔጌቲቭ በፖዘቲቭ ሲባዛ ኔጌቲቭ ሊወጣ ነው። የሚወጣው ግን ያው ዜሮ ነው።

ፕሮግራመሯ፦ ይቺን ምሳሌ ባያመጧት ይሻልዎት ነበር። ብሮውዘር ከፍተው የጃቫስክሪፕት ኮንሶል (የፕሮግራም ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ 0 * -3 ብለው ይጻፉ። የሚመልሰው -0 ነው። የተጠጋጋ ነገር የለም፣ ሽርፍራፊም የለም። የእርስዎኑ የምልክት ሕግ ነው የተከተለው።

መምህሩ፦ ከፈትኩት። እውነቱን ለመናገር የከፈተችልኝ ልጄ ናት። -0 ሲል ደነገጥኩ። ቀጥዬ ግን -0 < 0 ብዬ ጠየቅኩት፤ «ፎልስ» (ሐሰት) አለኝ። -0 === 0 (እኩል ናቸው ወይ) ስለው ደግሞ «ትሩ» (እውነት)። ታዲያ ከዜሮ የማያንስ ኔጌቲቭ ምን ዓይነት ኔጌቲቭ ነው? ማሽንሽ ሲጠየቅ ለኔ ነው የመሰከረው።

ፕሮግራመሯ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ አሸነፉኝ። ግን «ከዜሮ የሚበልጥ» የሚለውን ትርጉም ማን ሰጠን? ፈረንሳይ አገር ትምህርት ቤት «ፖዚቲፍ» ሲሉ ዜሮን ጨምረው ነው። «ኔጋቲፍ» ሲሉም እንዲሁ። ለነሱ ዜሮ ሁለቱንም ነው። ዜሮን ማስወጣት ሲፈልጉ ሌላ ቃል ይጨምሩበታል። ከ5 የሚያንሱ ፖዘቲቭ ኢንቲጀሮች (ሽርፍራፊ የሌላቸው ቁጥሮች) ስንት ናቸው? እርስዎ ክፍል ውስጥ «4» ብሎ የመለሰ ልጅ ነጥብ ያገኛል። ፓሪስ የሚማር ልጅ «5» ብሎ እሱም ነጥብ ያገኛል። ሒሳባቸው አልፈረሰም።

መምህሩ፦ አልፈረሰም፤ የተለየው ቃሉ ነው። እኛም ዜሮን መጨመር ስንፈልግ «ኔጌቲቭ ያልሆነ» እንላለን። እነሱ በአንድ ቃል ያሉትን እኛ በሁለት እንላለን፣ ሌላውን ደግሞ በግልባጩ። ይህን አምኛለሁ። ልጆች ፊት ቆሜ «ዜሮ እዳም ሀብትም ነው» ማለት ግን አይሆንልኝም። አባቶቻችን ከዚህ ጭቅጭቅ ነጻ ነበሩ፤ በግእዝ ቁጥር ፲ም ፻ም የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ዜሮ አላስፈለጋቸውም። ለመሆኑ የሰውየውን ሰረዝ ምን አደረግሻት?

ፕሮግራመሯ፦ አንድ መስመር ጨመርኩ። ቀሪው ተጠጋግቶ ዜሮ ከሆነ ምልክት እንዳይታይ። እግረ መንገዴን ሌላ ስህተት አገኘሁ። «እዳ አለብዎት» የሚለውን መልእክት የሚልከው ቦታ ላይ «ቀሪው ከዜሮ ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ» ብዬ ጽፌ ነበር። ለካ ሳላውቀው ፈረንሳዊ ሆኛለሁ። «እኩል ከሆነ» የሚለውን አጠፋሁት።