ክርክር፦ ቆሻሻ መቀነስ ያለበት ከቤት ነው ወይስ ከፋብሪካ?

ተከራካሪዎቹ ሁለቱም በአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። እሷ «ከቤታችን እንጀምር፣ ኑሯችንንም እናቅልል» ትላለች። እሱ «ጥፋቱን ቤት ላይ አትጣሉ» ይላል።

እሷ፣ ከየካ አባዶ

የቤታችሁን የቆሻሻ ከረጢት አንድ ቀን ገልብጣችሁ እዩት። ከላይ ፌስታል ይታያል። ከሥር ግን የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ ነው። ክብደቱን የሚሰጠው ይኼ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የሚባለው የአዲስ አበባ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ያ ክምር ከየቤታችን እየተጫነ የሄደ ነው። ምግብ በክምር ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። እዚያው ቆሼ አጠገብ፣ ረጲ ላይ፣ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ግን እርጥብ ቆሻሻ ምን ያህል ይነዳል?

የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ቲማቲም ስለረከሰ ብቻ ሦስት ኪሎ አትግዙ። እንጀራው ሳይሻግት ድርቆሽ አድርጉት። ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ።

እሱ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣ እኛ ሰፈር ምግብ የሚደፋው ማን ነው? የቤት ኪራይና የታክሲ ወጪ ያጎበጠው ሰው ያደረ እንጀራ ፍርፍር አድርጎ ይበላል። የዘይቱ ጀሪካን ውሃ ይጠራቀምበታል። ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል። እዚህ መጥቶ «ቀለል አድርጋችሁ ኑሩ» ማለት ለተራበ ሰው ጾም እንደማወጅ ነው።

መከራችን ማሸጊያው ነው። ሻምፖ በሳሼ፣ ቡና በሳሼ፣ የልብስ ሳሙና በሳሼ። ጠርሙሱን በሙሉ መግዛት ያልቻለ ሰው ሳሼ ነው የሚገዛው። ሳሼውን ደግሞ ቆራሌው እንኳ አይነካውም።

ፌስታልም እንደዚያው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከዚያም በኋላ በየሱቁ እንደ ልብ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ሌላ አዋጅ አጸደቀ። በመሃሉ ያለፉት ዓመታት ጥፋት የማን ነው? የእኔ ኩሽና?

ደግሞ ውሃው በፈረቃ ነው። «የጨርቅ ዳይፐር ተጠቀሙ» የሚሉን ሰዎች ውሃ ሌሊት እንደሚመጣ ያውቃሉ? ተነስታ የምታጥበውስ ማን ናት? እርጥቡንና ደረቁን ለይቼ ባወጣም ሰብሳቢዎቹ አንድ ጋሪ ላይ ይገለብጡታል።

እሷ

ዳይፐሩን ተወው። ውሃ በሌለበት ማንም እናት ላይ አልጭነውም።

ጋሪውን ስላልከው ግን፣ እኔም እርጥቡ ከቤት አይውጣ የምለው ለዚሁ ነው። አሮጌ የቀለም ባልዲ ሥሩን በሚስማር ትበሳዋለህ። ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን ታነጥፋለህ። ልጣጭና የቡና አተላ ትጨምራለህ፣ በላዩ አፈር ትበትናለህ። ሥጋና ወጥ አይገባም፤ ዝንብና አይጥ ይጠራል። በየሳምንቱ ታገላብጠዋለህ። ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ጨምር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጠቆር ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። በረንዳዬ ላይ ያለው ጎመንና ጤና አዳም የበቀለው በእሱ ነው።

ፍርፍሩም በአዘቦት እውነትህን ነው። የበዓል ማግስትስ? የሠርግና የተዝካር ማግስትስ? ያን ቀን የብሎክህን ማጠራቀሚያ ከፍተህ እይ። እንግዳ ፊት እንዳናፍር ብለን የምናበዛው ነው እዚያ የሚደፋው። ይህን ፋብሪካ አላመጣብንም።

እሱ

የበዓሉን አልክድም። እኛም ብሎክ እንደዚያው ነው።

ባልዲው ግን በአንድ በረንዳ ያምራል። ብሎኩ በሙሉ ባልዲ ቢይዝ ብስባሹ የት ይደፋ? እኛ ጋ በብሎኮቹ መሃል የነበረው ባዶ ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። መጀመሪያ ኮሚቴው አንድ ጥግ ለአትክልት ይተው። ሰብሳቢዎቹ ለእርጥቡና ለደረቁ ሁለት ከረጢት ይዘው ይምጡ። ሳሼ የሚያመርተው ድርጅት ሳሼውን መልሶ የመሰብሰብ ግዴታ ይጣልበት። ያኔ እኔም ባልዲ እይዛለሁ። እስከዚያ ግን ለቆሼ ክምር ተጠያቂዋ የቱሉ ዲምቱ እናት ናት ከተባለ አልቀበልም።