የአመጋገብ ትምህርት ከአስቤዛው መደርደሪያ ፊት ይሰጥ

በአሜሪካ የሚኖሩ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሴቶች ጤናማ አስቤዛ እንዲሸምቱ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከክልከላ ነው፤ ቶርቲያ (ከበቆሎ የሚጋገር ስስ ቂጣ) ቀንሱ፣ ሩዝ ተዉ፣ በምትኩ ሰላጣ ግዙ ይባላሉ። ችግሩ በእርግጥ ከባድ ነው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ አንድ አዋቂ በሕይወት ዘመኑ በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ 40 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለላቲኖዎች ግን ከ50 በመቶ በላይ ነው። ሆኖም አንዲትን እናት ያደገችበትን ማዕድ እንድትተው የሚጠይቅ ትምህርት ከመማሪያ ክፍሉ ደጅ አያልፍም ባይ ነኝ።

የበቆሎ ዱቄቱን እንመልከት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ «የበለጸገ» ተብሎ የሚሸጥ የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገድዳለች። ይህ ቫይታሚን በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ፣ በኋላ አንጎልና የአከርካሪ ገመድ የሚሆነው የፅንሱ የነርቭ ዘንግ በትክክል እንዲዘጋ ይረዳል። ቶርቲያ የሚጋገርበት፣ «ማሳ» የሚባለው የበቆሎ ዱቄት ግን ከግዴታው ውጭ ቀረ፤ የነርቭ ዘንግ ክፍተት ያለበት ልጅ የመውለድ አደጋ ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ ይህንኑ ዱቄት በሚመገቡት እናቶች ዘንድ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በ2016 ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት ፈቀደ እንጂ አላስገደደም፤ ካሊፎርኒያ ግዴታ ያደረገችው ገና ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ነው። (የስንዴ ዱቄት ማበልጸግን የመረጠችው ኢትዮጵያም ጤፍ የሚበላውን ሰው በምን እንደምትደርስለት ልታስብበት ይገባል።)

ስለዚህ ግዴታው በሌለባቸው ግዛቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት የማሳ ከረጢቶች ሲገኙ፣ የሚለያያቸው ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «ፎሊክ አሲድ» የሚል ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱን ገልብጦ ይህን ቃል መፈለግ በጥቂት ደቂቃ የሚለመድ ነገር ነው፤ ቶርቲያውንም ከማዕድ አያነሳም። ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ ነው፦ ባለ 355 ሚሊ ሊትር አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር ሲይዝ፣ በማሸጊያዎች ላይ መነሻ የሆነው የተጨማሪ ስኳር የቀን ጣሪያ 50 ግራም ነው። የታሸገ ባቄላ በውኃ ቢታጠብ ጨዉ ይቀንሳል፤ ደረቁን ገዝቶ መቀቀል ደግሞ በዋጋ ይረክሳል።

ይህን ከመደርደሪያ ፊት የማስተማር ሥራ ከማንም በተሻለ የሚያውቁት «ፕሮሞቶራ» የሚባሉት ሴቶች ናቸው። እንደ እኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ፣ ቋንቋውንም የወር ደመወዙን ጥበትም የሚያውቁ ናቸው። መንግሥትም ሴቶቹ ያደጉበትን ማዕድ የሚያከብር አካሄድ መከተል እንደሚችል አሳይቷል፤ ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ የሚደግፈው ዊክ በ2009 ዝርዝሩን ሲያሻሽል የበቆሎ ቶርቲያን ከሙሉ እህል ምርጫዎች መካከል አካትቷል። በ2025 የወጣው ሕግ ግን ስናፕ በተባለው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ መርሃ ግብር ሥር ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ይሰጥ የነበረውን የአመጋገብ ትምህርት የፌዴራል በጀት አቋረጠ። ቁጠባ ነው መባሉ አያሳምነኝም፤ የኩላሊት እጥበትና የኢንሱሊን ወጪ በኋላ ከዚያው ካዝና ይከፈላልና። እስከዚያው ግዛቶችና ክሊኒኮች ፕሮሞቶራዎችን በደመወዝ ቀጥረው፣ ሴቶቹ በሚሸምቱባቸው መደብሮች ውስጥ፣ በተለይ ሕዝብ በሚበዛበት ቅዳሜና እሑድ፣ ከማሳው መደርደሪያ አጠገብ ሊያሰማሯቸው ይገባል።