አዳማ ላይ ጎማ ወጥሮ መንፋት አያዋጣም

በደረቅ ወቅት በተራራ ብስክሌት ስለ መንዳት የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሙቀቱ ሳይበረታ ከጥር እስከ መጋቢት በተራራ ብስክሌት ደረቁን ኮረብታ መውጣት ይሻላል መባሉም ልክ ነው። ለደረቅ መንገድ ጎማውን ጠንከር አድርጋችሁ ንፉ የሚለው ምክር ግን ለአዳማ ዙሪያ አይሆንም። እዚህ ኮረብታው የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ የላላ ጠጠርና ዱቄት የመሰለ አቧራ። የተወጠረ ጎማ በላዩ ይዘላል፣ ይንሸራተታል። የጎማው አየር ቀነስ ሲል መሬቱን በሰፊው ይይዛል። ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ለሌለው ሰፊ ጎማ፣ ለመካከለኛ ክብደት ሰው፣ ከ22 እስከ 26 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል። ከመነዳሪ ካለው ትንሽ ይጨመርለት፤ አለዚያ ድንጋይ ሲመታ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ይተነፍሳል።

ዋናው ጠላት የግራር እሾህ ነው (አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ገርሞኛል)። ፈሳሽ ማሸጊያ የተጨመረበት ጎማ ትንንሹን ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል፤ በቆላ ሙቀት ግን ፈሳሹ ቶሎ ስለሚደርቅ በየጊዜው ከፍቶ ማየት ነው።

ደግሞ ነፋሱ! 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አዳማ ላይ የተተከሉት እንዲያው አይደለም። ስትሄዱ ፊት ለፊት ተቀበሉት፣ ስትመለሱ ደክማችኋልና ከኋላ ይግፋችሁ።

የበልግ ዝናብ ከጣለ ጥቁር አፈሩን ለአንድ ሁለት ቀን ተዉት። ጭቃው ጎማውን እስከማቆም ይጣበቃል፣ ጎማው የሚተወው ቦይም ሲደርቅ የእግረኛውንና የከብቱን መንገድ ያበላሻል። በሶደሬ በኩል የሞከረ ካለ እስቲ ይጻፍልን።