ለካርዱ ነው ወይስ ለፕላስቲኩ?

እኔ ሲያትል የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ የከተማው የቤዝቦል ቡድን ማሪነርስ 116 ጨዋታ ባሸነፈበት ዓመት። ቤዝቦል የሚሉትን ነገር ያስወደደኝ የቡድኑ ተጫዋች ኢቺሮ ነው። አሁን የምፈልገው ብዙ አይደለም። የኢቺሮን፣ እንደሱ ለማሪነርስ የተጫወቱትን የኤድጋር ማርቲኔዝንና የኬን ግሪፊ ጁኒየርን ፎቶ ያለበት የመሰብሰቢያ ካርድ፣ በባለሙያ ድርጅት ተመርምሮ ለይዞታው ከ10 ደረጃ ወጥቶለት በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ፣ ኪስ የማይጎዳ። 10 ከ10 አላልኩም። 7 ይበቃኛል። 6ም ቢሆን አልጣላም።

ግን ማን በሰላም ያስገዛኛል? አፐር ዴክ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን የግሪፊን ካርድ ውሰዱ። እንደ ጉድ በብዛት የታተመ ካርድ ነው፤ የዚያ ዘመን ካርድ አብዛኛው እንዲያ ነው። ሻጩ ግን «ብርቅዬ» ብሎ ይለጥፍበታል። ብርቅዬ! ዋሊያ አደረገው እኮ! ርካሽ ካርድ ያልታሸገ ገዝቼ ራሴ ደረጃ ላሰጠው ብል ደግሞ ክፍያው ከካርዱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ባለፈው የኤድጋርን በ9 ዶላር አገኘሁ ብዬ ስፈነድቅ መላኪያው 7 ዶላር ሆኖ ቁጭ አለ። ይሁን ብዬ ከፈልኩ። በስስ ፖስታ ተጠቅልሎ መጣ። የፕላስቲኩ ጥግ ተሰንጥቋል። ለሻጩ ፎቶ አንስቼ ብልክለት፣ «ካርዱ ደህና ነው አይደል?» አለኝ። ኧረ ወንድሜ! ካርዱን ብቻ ብፈልግማ ኖሮ በአንድ ዶላር አገኘው አልነበር?

ባለቤቴ ደግሞ «ለዚህች ካርቶን ነው እንዲህ የምትንጨረጨረው?» ትላለች። መልስ የለኝም። ስንጥቁን በአውራ ጣቴ እየዳበስኩ ነው።